አሥራ ሁለት ጣቢያ፣ አሥራ አንድ ገመድ

ጓዶች፣ እባካችሁ ወንበር ማንኳኳቱን ተዉት፤ ጋሽ ወርቅአፈራሁን ወደ ጡረታ ከመሸኘታችን በፊት ጥቂት ልናገር። ወረቀት የያዝኩት ለማንበብ አይደለም፤ እጄ የሚይዘው እንዲያገኝ ነው።

ጋሽ ወርቅአፈራሁ ወደዚህ የስልክ መስመር ፕላን ክፍል የመጡ ዕለት እኔ ገና አልተወለድኩም። ዘበኛችን አባ ዘገዬ ግን እንዲህ ይላሉ። አለቃው ግድግዳው ላይ ያለውን ካርታ አሳይቶ «በል አጥናው» አላቸው። አንድ አፍታ አዩትና «ይሄ ካርታ አይደለም፣ ምኞት ነው» ብለው ባርኔጣቸውን አንሥተው ወጡ። ሦስት ቀን ጠፉ። በአራተኛው ቀን ጫማቸው ተገንጥሎ፣ ከራስ መኮንን ድልድይ እስከ አራት ኪሎ ያለውን የስልክ እንጨት ሁሉ ቆጥረው ሲመለሱ፣ የስንብት ደብዳቤያቸው ከቅጥር ደብዳቤያቸው ቀድሞ ተጽፎ ጠበቃቸው። ሁለቱም እስከ ዛሬ ፋይላቸው ውስጥ አሉ።

ኪሳቸው ውስጥ ያለውን ክር የማያውቅ አለ? ካርታው ላይ ዘርግተው ይለካሉ፤ ከዚያ «እግሬ ካላየው አላምንም» ብለው ይወጣሉ። እኔን ሲያስከትሉኝ «ማኪያቶ እጋብዝሻለሁ» ይላሉ። ጊዮርጊስ ጋ ስንደርስ «አንድ እንጨት ብቻ ቀረች» ይላሉ። እዚህ ከተቀጠርኩ ሰባት ዓመቴ ነው፤ ማኪያቶውን አልቀመስኩም።

ስለ እኔም ላውራ፣ ሌላ ሰው ሳያወራው። ገና እንደተቀጠርኩ ፒያሳን፣ አራት ኪሎንና ድልድዩን በስልክ አገናኚ ተባልኩ። በየሁለቱ መካከል አንድ አንድ ኪሎ ሜትር ነው እንበል። ሁለት ኪሎ ሜትር ገመድ ይበቃል፤ ከዚያ ማነስ ግን አይችልም። እኔ ትኩስ ተመራቂ ነበርኩና ለኮምፒዩተር ሰጠሁት። ሊኒየር ፕሮግራሚንግ የሚሉት፣ ከሁሉ ያነሰውን ወጪ የሚፈልግ ስሌት ነው። ሥራው እንዲቀለው «ገመዱ ወይ አለ ወይ የለም» የሚለውን ሕግ አላላሁለት፤ ግማሽም ፈቀድኩ። እሱም በሦስቱም መንገድ ግማሽ ግማሽ ዘርግቶ «አንድ ተኩል» አለ። ከየሰፈሩ ሁለት ግማሽ ይወጣል፣ ሁለት ግማሽ አንድ ነው፣ «አንድ ሰፈርም ይሁን ጥቂት ሰፈሮች፣ ከቀሩት ጋር ቢያንስ አንድ ገመድ ያገናኛቸው» የሚለው ሕግ ተሟላ! ደስ ብሎኝ ለንብረት ክፍሉ ለጋሽ አብዱልሃኪም መጠየቂያ ላክሁ። ወረቀቱን ይዘው መጡ፦ «ልጄ፣ ግማሹ የቱ ነው? በአራት ኪሎ በኩል ያለው ነው በፒያሳ በኩል ያለው?»

ሳቁ፣ ሳቁ። ጋሽ ወርቅአፈራሁ ግን ያን ቀን አልሳቁም። «ምብራት፣ ማሽኑ አልዋሸሽም» አሉኝ። «ከዚህ በታች አታገኚም ነው ያለሽ። በዚህ ትሠሪዋለሽ አላለሽም። ጣቢያው በበዛ ቁጥር ደግሞ ልዩነቱ ይሰፋል፤ እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረው።»

ዘንድሮ በከተማው ዙሪያ እንደ ቀለበት የተቀመጡ አሥራ ሁለት ጣቢያዎች፣ አንድ አንድ ኪሎ ሜትር ተራርቀው፣ አገናኙ ተባልን። ኮምፒዩተሩ በየመንገዱ ግማሽ ዘርግቶ ስድስት አለ። ጋሽ ወርቅአፈራሁ በክርም በእግርም አሥራ አንድ አሉ። ጣት አይበቃም እንጂ ሕፃንም ይቆጥረዋል። በስድስት ብንሠራው አምስት ሰፈር ስልክ አልባ ይቀራል፤ አንዱ ሐኪም ቤት ያለበት ነው።

የግምገማ ኮሚቴው ሰብሳቢ ጓድ ገነነ እዚሁ ከፊቴ ተቀምጠዋል። ባለፈው ሐሙስ «ማሽኑ ስድስት ብሎ እናንተ አሥራ አንድ? አምስቱ ለማን ነው? ይሄ አሻጥር አይደለም ወይ?» ብለው ጠየቁን። ጋሽ ወርቅአፈራሁ ብድግ ብለው «ጓድ፣ በስድስቱ ይዘርጉትና ያሳዩን፤ እኔ መሰላሉን ተሸክሜ እከተልዎታለሁ» አሉ። እኔ ጫማዬን እያየሁ ነበር።

ትናንት ደግሞ ጋሽ ወርቅአፈራሁ ጠሩኝ። «ፕላኑን አምጪው፣ ፈርሜበት ልውጣ። ጡረተኛን ምን ያደርጉታል?» ምን እንደሚያደርጉ እናውቃለን፤ የጡረታ ደብዳቤያቸው ገና አልተፈረመም። እውነቱን ልናገር? ደስ አለኝ። ቤቴ እስክደርስ ደስ እያለኝ ሄድኩ። ከዚያ አፈርኩ።

ጋሼ፣ ስሳሳት ስሜን ከወረቀቱ ላይ ፍቀው የራስዎን ስም ጽፈዋል። አንድ ጊዜ አይደለም። ነግረውኝ አያውቁም፤ የሰማሁት ከጋሽ አብዱልሃኪም ነው። ስለዚያ እንዴት እንደሚመሰገን አላውቅበትም። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ዛሬ ጠዋት ፕላኑን ጠረጴዛዎ ላይ ፈልገው አጡት። እኔ ጋ ነው። አሥራ አንድ ይላል፤ ከሥሩ የተፈረመው የእኔ ስም ብቻ ነው። ሰኞ ሦስት ሰዓት ላይ ለኮሚቴው የማቀርበውም እኔ ነኝ። አይቆጡኝ፣ ይቀመጡ። እፈራለሁ፤ ድምፄን እየሰማችሁት ነው፣ በጣም እፈራለሁ።

በሉ ተነሡ። ጋሽ ወርቅአፈራሁ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥዎ። ጉልበትዎ አይክዳዎት፣ የልጅ ልጅ ይሳሙ፣ ጡረታዎን በሰላም ይብሉ! ብርጭቆ ያልያዘ አለ? ጓድ ገነነ፣ የእርስዎ እኮ ጠረጴዛው ላይ ነው። ያንሡት እንጂ፤ እየጠበቅንዎት ነው።