መስኮቱ ጋ ጮክ ብሎ የሚጠራው

በንጉሡ ዘመን ነው። ከአዲሱ ገበያ ወደ ፒያሳ በምትወርድ ሴይቼንቶ ታክሲ ውስጥ ከኋላ ተጣበን ተቀምጠናል። ከጎኔ ያሉት እናት ከፊት የተቀመጠውን ወጣት ሐኪም አወቁት።

«ዶክተር፣ ለሚጥል በሽታ በነፃ ይሰጥ የነበረው ኪኒን ቀረ አሉ። እውነት ነው?»

«እውነት ነው፣ እማማ። ለድሃ በነፃ የሚሰጠውን መድኃኒት የምንመርጥ የሐኪሞች ኮሚቴ አለን። እሱን ሰረዝነው።»

«ምን አጠፋ? ለልጄ እኮ ተስማምቷት ነበር።»

«መድኃኒቱስ ጥሩ ነው። ግን በሽተኛው አንዴ ይወስድና አይመለስም። ፈላጊ የለውም ብለን ነው።»

«ፈላጊማ ሞልቷል!»

«ታዲያ ለምን አይመጡም?»

«መድኃኒት የሚታደልበት መስኮት ጋ ቆመው ያውቃሉ?»

«እኔ? ኧረ አላውቅም።»

«ሰውየው ጮክ ብሎ ነው የሚጠራው። ‹እገሊት! የነፃ! የሚጥል በሽታ!› ይላል። የሆስፒታሉ ግቢ ሁሉ ዞሮ ያያል። ልጄን ለልጃቸው ሊያጩ ሽማግሌ የላኩት ሰዎች ዘመድ እዚያው ተሰልፋ ሰማች።»

«ከዚያስ?»

«ሰዎቹ በዚያው ቀሩ። ልጄም ዳግመኛ መስኮቱ ጋ አልቆምም አለች። ይኸው ባለፈው ሳምንት ጥሏት እሳት ላይ ወደቀች።»

«እኛ... ማለቴ፣ ማንም አልነገረንም።»

«ጠይቃችሁ ነው?»

«እማማ፣ እባክዎ ቀስ ብለው ይናገሩ። ሰው ይሰማናል።»

«አዩ? እርስዎም አፈሩ።»

ሾፌሩ «ሆስፒታሉ ጋ ወራጅ አለ?» ብሎ ሲጠይቅ ወራጁ እኔ ነበርኩ፤ ግን የነፃ መድኃኒት ወረቀቴን ኪሴ ውስጥ ከትቼ እስከ ፒያሳ ሄድኩ።