አባቱ የት ይቀበር?

የሰው ወሬ ማዳመጥ ነውር መሆኑን ለልጆቼ ሁልጊዜ እነግራቸዋለሁ፤ ባለፈው በሚኒባስ ከባምባሲ ወደ አሶሳ ስሄድ ግን አዳመጥኩ። ከፊቴ አንድ የሰፋሪ ልጅና አንድ የበርታ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። ወጣቱ ይቁነጠነጣል።

«ምን ሆነሃል ልጄ?»

«አባቴ ታሟል። ‹ስሞት ወሎ ወስዳችሁ ቅበሩኝ› ይላል። መኪና ላፈላልግ ነው የምሄደው።»

«ወሎ ማን አለው?»

«አሁንማ ማንም። ደርግ ካሰፈረው ጀምሮ እዚሁ ነው።»

«ታዲያ ምን ነካው?»

«ወረዳችን ለሁለት ሊከፈል ነው ሲባል ሰማ። ‹ነገ ሰፋሪ ናችሁ፣ ውጡ ቢሏችሁ መቃብሬን ማን ያየዋል?› አለ። መንደራችን እንኳ ስም የላትም፤ በቁጥር ነው የምትጠራው።»

«አንተስ ምን አልከው?»

«ምን ልበለው? እኔም እፈራለሁ።»

«ስማ። ከአባቴ መቃብር አጠገብ፣ ማንጎው ስር፣ ለራሴ ያልኩት ቦታ አለ። እዚያ ጎኔ ይተኛ በለው። ልጆቼን ማንም ውጡ አይላቸውም፤ የኔን ሲያዩ የሱንም ያያሉ።»

«ቦታው ይበቃል?»

«ወላሂ፣ እኔ ቀጭን ነኝ። እሱ ወፍራም ነው እንዴ?»

ወጣቱ ሳቀ፤ ወዲያው ደግሞ ፊቱን በጋቢው ሸፈነ።

«መኪናው ይቅር እንግዲህ?»

«እሱንማ አባትህን ጠይቅ።»

እኔ ወራጅ ማለት የነበረብኝን ቦታ እያየሁ አለፍኩት።