ለታምራት የተገዛው አውራ ዶሮ

የፋሲካ ዋዜማ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፤ ባላቸው የሞቱባቸው እትዬ ተዋበች፣ የሚያርድላቸው ወንድ መንገደኛ እየጠበቁ፣ እግሩን ካሰሩት አውራ ዶሮ ጋር በራቸው ላይ ቆመዋል።

ተዋበች፦ ዝም በል ብዬሃለሁ! ጎረቤት ይሰማል።

ዶሮ፦ ይስማ እንጂ እትዬ! ከገበያ ሲያመጡኝ አቋራጩን ትተው በቤተ ክርስቲያኑ በኩል የዞሩት ሰው እንዲያየኝ አይደል?

ተዋበች፦ አቋራጩ ጭቃ ነው።

ዶሮ፦ ያገኙትን ሁሉ «ለታምራት ነው፣ ልጄ ሊመጣ ነው» ሲሉ ነበር። እሱንም ጭቃው ነው ያናገረዎት?

ተዋበች፦ አንተ ደግሞ! ቁልቁል ተዘቅዝቀህ ይህን ሁሉ ሰማህ?

ዶሮ፦ የተዘቀዘቀ ሌላ ምን ሥራ አለው? ይልቅ ያ ልጅ አለፈ እኮ። ምነው «እረድልኝ» አላሉት?

ተዋበች፦ ልጅ ነው፣ እጁ ይንቀጠቀጣል። ያሠቃይሃል።

ዶሮ፦ ስላሰቡልኝ እግዜር ይስጥልኝ። ቅድም ያለፈው ባለ ጋቢስ?

ተዋበች፦ አንገቱ ላይ ማተብ አላየሁም።

ዶሮ፦ እስከ ጆሮው ተከናንቦ ከየት ሊያዩ! እትዬ፣ እኔ ለመታረድ አልቸኮልኩም። ግን ሽንኩርቱ ሊያርርብዎ ነው፤ እርስዎ ደግሞ ወንድ ባለፈ ቁጥር ነጠላዎን ወደ ፊትዎ ይስባሉ።

ተዋበች፦ ምን ላድርግ? ያረደ ሁሉ «ልጅዎስ?» ይለኛላ።

ዶሮ፦ «መንገድ ላይ ነው» ይበሉዋ።

ተዋበች፦ አይመጣም። ትናንት ማታ ደወለ። «እማዬ፣ ዘንድሮም አልተመቸኝም» አለኝ። እሺ አልኩት። ስልኩን ከዘጋው በኋላም «እሺ፣ እሺ» እያልኩ ነበር።

ዶሮ፦ ሰምቻለሁ። ከአልጋው እግር ጋር ታስሬ የለ?

ተዋበች፦ ሰምተህ ነው ዝም ያልከው?

ዶሮ፦ ሌሊቱን አለመጮኼንስ አላስተዋሉም? አልቅሰው ገና መተኛትዎ ነበር፤ ልቀሰቅስዎ አልፈለግኩም።

ተዋበች፦ እኔ ደግሞ ታመመብኝ ብዬ...

ዶሮ፦ ጎረቤትዎን ጋሽ ወርቅነህን ይጥሯቸው። እሳቸውም ብቻቸውን ናቸው። ያርዱኝና ነገ አብራችሁ ትበሉኛላችሁ።

ተዋበች፦ ልጃቸው ጠዋት በመኪና መጥታ ወሰደቻቸው። በዚህ በር ሲያልፉ ምን አሉኝ መሰለህ? «ታምራት ባይመጣ ኖሮ አንቺንም ይዘንሽ እንሄድ ነበር።»

ዶሮ፦ እርስዎስ ምን አሉ?

ተዋበች፦ «ልጄን ጥዬ የት እሄዳለሁ!» ብዬ ስቄ ሸኘኋቸው።

ዶሮ፦ አይ እትዬ!

ተዋበች፦ መኪናው ከታጠፈ በኋላም እጄን አላወረድኩም።

ዶሮ፦ በቃ፣ አሁን የሚያልፈውን ይጥሩት። እኔም አልታገል። ቢያንስ ቤቱ ወጥ ወጥ ይሸታል።

ተዋበች፦ ና፣ እንግባ።

ዶሮ፦ አራጅ ሳይገኝ?

ተዋበች፦ እግርህን ወዲህ በለው፣ ገመዱን ልፍታልህ። አንተን ካሳረድኩህ ከማን ጋር ነው የምበላህ?