የእንግሊዙ ዘር ሲቆጠር

የሺዓለም ጨዋታዋን የጀመረችው በዝናቡ ነው። ጥቅምት ገብቶም አላባራ ማለቱን፣ ከጊዮርጊስ ቁልቁል የሚያወርደው መንገድ ጭቃው ለሽማግሌ ጉልበት እንደማይሆን፣ የቀበሌው ስኳር ዘንድሮ እርጥብ ሆኖ እንደመጣ አንድ በአንድ አነሳች። ጋሽ አባይነህ ከዘራቸውን በጉልበታቸው መሀል አቁመው ይሰማሉ። የመጡት ግን ለዝናብ ወሬ አልነበረም።

ከሁለት ሳምንት በፊት ሦስት ሽማግሌ ሆነው መጥተው የየሺዓለምን ልጅ አይናዲስን ለኃይለየሱስ ጠይቀው ነበር። እሺ ተብለው፣ ተመርቀው ሄዱ። ከዚያ የቤቱ የነፍስ አባት አባ ተስፋማርያም ዘር ሲቆጥሩ ነገሩ ቆመ። የአይናዲስ ቅድመ አያት፣ የየሺዓለም አያት፣ በምኒልክ ዘመን አራዳ ገብቶ ኮርቻ ሲሰፋ የኖረው እንግሊዛዊ ሚስተር ቶምሊን ነው። የኃይለየሱስ አባት፣ የጋሽ አባይነህ አብሮ አደግ፣ ደግሞ የዚሁ እንግሊዛዊ ልጅ ነኝ እያሉ ሠላሳ ዓመት ኖረዋል። ሰባት ቤት ያልተራራቀ ሰው አይጋባም፤ እነዚህ ሦስት ቤት እንኳ አይራራቁም። አባ ተስፋማርያም መጽሐፋቸውን አጥፈው ተነሱ። አይናዲስና ኃይለየሱስ ስድስት ኪሎ አብረው ሲማሩ የጀመሩት ፍቅር ነው፤ ልጅቷ ከዚያ ቀን ወዲህ እህል በቅጡ አልቀመሰችም። ጋሽ አባይነህ ዛሬ ብቻቸውን የመጡት እንግዲህ መላ ፍለጋ ነው።

የሺዓለም ሻይ ቀዳችላቸው።

«ወተት የለኝም፣ ጋሼ፤ ይቅር ይበሉኝ። አንዳንድ ሰው ሻይ ያለ ወተት አይቀምስም አሉ። ወተት በጠፋ ሰሞን እንኳ ሻዩን ተዉት እንጂ ባዶውን አልጠጡትም… ጽናት ማለት ይኼ አይደል? ጃንጥላውስ ቢሆን፣ በጠራራ ፀሐይ ከእጃቸው አይለይም። አያቴ ጃንጥላ አልነበረውም። ዝናብ ሲመጣ ጆንያ ደርቦ ይሮጥ ነበር ትለኝ ነበር እናቴ። ልጅ ከአባቱ ሲበልጥ እንዴት ደስ ይላል…»

ጋሽ አባይነህ ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ። እሷ ስኳር ጨመረችላቸውና ወደ ሥዕሉ አለፈች።

በአንድ ሳሎን፣ አለች የማን ሳሎን እንደሆነ ሳትናገር፣ የፈረንጅ ፎቶግራፍ ተሰቅሎ ነበር። እንግዳ በገባ ቁጥር «አባቴ» ይባላል። በስድሳ ሰባት የትርፍ ቤት አዋጅ ሲታወጅ ወረደ። ያኔ ባለቤቱ የሰፊው ሕዝብ ልጅ ሆኑ፤ በቦታውም አዲስ ሥዕል ተተካ። «አንድ ፂማም ወረደ፣ ሦስት ፂማሞች ወጡ። ፈረንጅ የሚወድ ሰው መቼም ግድግዳው ባዶ አይቀርም። አምና ነገር ረገብ ሲል ደግሞ አራቱም ጎን ለጎን ሆኑ አሉ… ፍቅራቸው ሰፊ ነው።»

ጋሽ አባይነህ ሳቃቸውን በሳል ሸፈኑት። በስድሳ ሰባት መሰላሉን የያዙት እሳቸው ነበሩ።

«በሒሳብ እኔ ደካማ ነኝ፤ እስቲ ይርዱኝ» አለች የሺዓለም ቀረብ ብላ። «መሥሪያ ቤታቸው ጡረታ ውጡ ሲላቸው የተወለድኩት በ1917 ነው ብለው ፎርም ሞልተው ፈርመዋል። ለእድሩ ሰው ሁሉ አሳይተዋል፤ እኔም አንብቤዋለሁ። እኛ ሽበታችንን መደበቅ አቅቶን እሳቸው ዓመቱን እንዳለ ሲደብቁት አላደነቅኩም አልልም። ብቻ አያቴ በኅዳር በሽታ የሞተው በ1911 ነው። ጉለሌ መቃብሩ ላይ ተቀርጿል፤ የድንጋዩን ሽበት ጠርጌ በጣቴ ተከትዬዋለሁ። ከአሥራ አንድ እስከ አሥራ ሰባት ስንት ነው፣ ጋሼ? ስድስት… እንግሊዝ ቀጠሮ አያዛንፍም ሲባል እሰማ ነበር። ከመቃብር ወጥቶ እንደሚያከብር ግን የነገረኝ ሰው አልነበረም።»

ጋሽ አባይነህ በልባቸው ደመሩ። ጓደኛቸው በእውነት የተወለዱት በ1913 መሆኑን ያውቃሉ፤ አብረው ነው ያደጉት። በሐሰቱ ስድስት፣ በእውነቱ ሁለት ዓመት ይተርፋል። በየትኛውም መንገድ ሟቹ አይደርስም።

የሺዓለም ብርጭቆውን ከፊታቸው አነሳችና ስለ አስገዶም አወራች። አስገዶም የእንግሊዙ ጭነት ነጂ ነበር፤ ቆዳውን ከድሬዳዋ በበቅሎ የሚያመጣ። በዚያ ኅዳር ሰው ከሬሳ ሲሸሽ፣ ጌታውን ጠቅልሎ በበቅሎ ጭኖ ጉለሌ ያደረሰው እሱ ብቻ ነበር። መበለቲቱንና የየሺዓለምን እናት እንጨት እየሸጠ ሁለት ክረምት አሳልፏቸዋል። ከዚያ የቤቱን ልብስ አጣቢ አገባ፤ ወንድ ልጅም፣ የኃይለየሱስን አባት፣ ወለዱ። ልጁ ቀይ ሆነ፤ እናቱም ቀይ ነበረች። ከዚህ የበለጠ ምሥጢር የለውም።

«በቅሎ አባትሽ ማነው ሲሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች ይባላል። እሷ እንኳ አጎት ብላ ተወችው። ኮርቻ ሰፊው አባቴ ነው ያለች በቅሎ ግን በአራዳም ታይታ አትታወቅ…» አለች። ከዚያ ድምፅዋ ዝግ አለ፤ ለመጀመሪያ ጊዜም ፈገግታዋ ጠፋ። «አስገዶምን የመሰለ አባት እኔ ቢኖረኝ ስሙን በራፌ ላይ እጽፈው ነበር። መቼም ምርጫ ነው።»

የፈለገችውንም ነገረቻቸው። የፊታችን እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ በአባ ተስፋማርያምና በሦስቱ ሽማግሌዎች ፊት የሙሽራው አባት ቆመው ሰባት አባቶቻቸውን ይቁጠሩ፤ ከአስገዶም ይጀምሩ። ይህ ከሆነ ዘር አይነካካም፣ ሰርጉም ለጥር ይደርሳል። ካልሆነ ግን ልጃቸውን ለፎቶግራፉ ይዳሩ።

ጋሽ አባይነህ ጓደኛቸው ከሁለተኛው አያት በላይ እንደማያውቁ ትዝ አላቸው። ይህንንም ሊሉ ሲሉ የሺዓለም ከደብተር የተቀደደ ቅጠል ዘረጋችላቸው። ሰባት ስም፣ ከላይ እስከ ታች፣ በጥሩ እጅ ጽሑፍ።

«ከራሱ ከአስገዶም አፍ እናቴ የያዘችው ነው። ይስጧቸውና ያጥኑት። የጥናት ክበቡን ጽሑፍ ገጹን ሁሉ በቃላቸው የሚወጡ ሰው ናቸው፣ ሰባት ስም አያቅታቸውም… ቢያቅታቸውም ግድ የለም፣ እኔ ከኋላ ቆሜ አስታውሳቸዋለሁ።»

ጋሽ አባይነህ ወረቀቱን አጥፈው በደረት ኪሳቸው ከተቱ። ጓደኛቸው ስሞቹን ቆመው እንደሚቆጥሩ ያውቃሉ፤ ልጃቸውን ከፎቶግራፉ ይበልጥ ይወዳሉ። ይህን ዜና ማድረሱ ግን ከሽቅቡ መንገድ ይልቅ ከበዳቸው። ተነሱ። በጓዳው በር አይናዲስን ቆማ አዩ፤ በእጇ ቁራሽ ዳቦ ይዛ ታኝካለች።

የሺዓለም እስከ ደጃፍ ሸኘቻቸው። ትከሻቸውን ስማ፣ ሁለት እጇን ወደ ሰማይ ዘረጋች።

«እግዜር ዕድሜና ጤና ይስጣቸው፣ ጋሼ። የልጅ ልጃቸውን አቅፈው ለመሳም ያብቃቸው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የተመኙትን የቶምሊንን ደም፣ ዘግይቶም ቢሆን፣ በእኔ ልጅ በኩል ከቤታቸው ያግባላቸው… አሜን ይበሉ እንጂ።»