የእትዬ ዘነቡ በርሜል

ከከተማው ግርጌ ባለ የወንዝ ዳር የቆስጣ መደብ፤ አትክልት ሻጯ እትዬ ዘነቡ የወንዝ ውሃ በሞላው በርሜላቸው ክዳን ላይ ተቀምጠዋል፤ ኬሚስትሪ የምታጠናው የወንድማቸው ልጅ ረድኤት ጥቁር ዱቄት በብልቃጥ ይዛ ፊታቸው ቆማለች።

እትዬ ዘነቡ፦ አልነሳም። ያንን ጥቀርሻ በርሜሌ ውስጥ ከምትጨምሪ እኔኑ ክተቺኝ።

ረድኤት፦ እርስዎን ብከትዎትማ ውሃው ገንፍሎ ያልቃል።

እትዬ ዘነቡ፦ ውፍረቴ ላይ መጣሽ? አባትሽም እንዲሁ አፈኛ ነው።

ረድኤት፦ ጥቀርሻ አይደለም አክስቴ። ማግኔት የሚስበው ጥቁር የብረት ዝገትና የቡና ገለባ ከሰል ነው። ከላይ ከየፋብሪካው የሚወርደው እርሳስና ክሮም እሱ ላይ ይለጠፋል።

እትዬ ዘነቡ፦ የቆሸሸ ውሃ ላይ ጥቁር ዱቄት። ከድጡ ወደ ማጡ።

ረድኤት፦ ከዚያ ዱቄቱን ከነመርዙ በማግኔት ስቤ አወጣዋለሁ። ይኸው ማግኔቱ።

እትዬ ዘነቡ፦ ይህን የት አየሁት?

ረድኤት፦ የጋሼ ሬዲዮ ውስጥ። እሳቸው ካረፉ ወዲህ ዝም ብሏል ብለው የለ? ድምፅ ማጉያውን ፈታሁት።

እትዬ ዘነቡ፦ ነፍሱን ይማረውና፣ ባሌ በሕይወቱ አንድ ባልዲ አላነሳልኝም። ዛሬ ብረት ሊያነሳ ነው?

ረድኤት፦ ወደ መኮትኮቻዎ ላስጠጋው፤ ይዩት።

እትዬ ዘነቡ፦ ኧረ ያዘው። ኧረ አልለቅም አለ። ልክ እንደ ባለቤቱ!

ረድኤት፦ ሳቁ አይደል? እንግዲህ ይነሱ።

እትዬ ዘነቡ፦ ቆይ። በእኛ ወግ ጠላ የምትቀዳ ሴት አስቀድማ በመዳፏ ቀምሳ ነው ለእንግዳ የምትሰጠው። ውሃሽን ከቀመስሽ እነሳለሁ።

ረድኤት፦ ይህ ለአትክልቱ እንጂ ለመጠጥ አይደለም።

እትዬ ዘነቡ፦ አየሽ፣ አፈገፈግሽ። ያልቀመሱትን አይቀዱም ልጄ።

ረድኤት፦ እሺ። ይህን ቆስጣ ስንት ዓመት ሸጡ?

እትዬ ዘነቡ፦ አሥራ አራት። ምነው?

ረድኤት፦ እቤትዎ አንድ ቀን እንኳ ተሠርቶ ያልበላሁት ለምንድን ነው? ቅዳሜ ቅዳሜ የደጋ ቆስጣ ገዝተው በነጠላዎ ሸፍነው ሲገቡ አይቻለሁ።

እትዬ ዘነቡ፦ የደጋው... ይጣፍጣል ብዬ ነው።

ረድኤት፦ የእርስዎን ቀምሰው ነው ያመዛዘኑት?

እትዬ ዘነቡ፦ አንቺ ልጅ፣ እንዲህ አድርጎ ማን አሳደገሽ?

ረድኤት፦ እርስዎ።

እትዬ ዘነቡ፦ ውሃው አንድ ቀን አረንጓዴ፣ አንድ ቀን ሰማያዊ ሆኖ ይወርዳል። አይቼ እንዳላየ ሆንኩ። ይህን መደብ ብተው ምን ይዤ እኖራለሁ?

ረድኤት፦ አይተዉት ብዬ እኮ ነው የመጣሁት። ካጣራሁት በኋላ ውሃውም፣ አፈሩም፣ አዲሱ ቆስጣም ላቦራቶሪ ይለካል። ደህና ነው ከተባለ የመጀመሪያውን እኔ እቀምሳለሁ።

እትዬ ዘነቡ፦ አይሆንም።

ረድኤት፦ ደግሞ ምን ጎደለ?

እትዬ ዘነቡ፦ ቀጂዋ እኔ፣ ቀማሿም እኔ። ልኬቱ እስኪመጣ አንዲት ቅጠል አልሸጥም። በይ፣ እጅሽን ስጪኝና አንሺኝ፤ የጋሼሽ ማግኔት እኔን አይችልም።