ከአስታማሚ የጸዳ ዋርድ

ክቡራትና ክቡራን፣ ወደ ስንብቴ ከመግባቴ በፊት በጥልቅ ሐዘን የማሳውቀው ጉዳይ አለ። ጎብኚ በመጣ ቁጥር ከቁም ሳጥን ወጥቶ ጠረጴዛችን ላይ የሚቀመጠው የፕላስቲክ አበባ ዛሬ ጠዋት አንድ ቅጠል ጎድሎት ተገኝቷል። አጣሪ ኮሚቴ እንደሚቋቋም አልጠራጠርም። ለአበባው ቤተሰቦች መጽናናትን እመኛለሁ።

ቀጥሎ ምስጋና። ክቡር ዳይሬክተር፣ ለአዳራሹ፣ ለለስላሳውና ለቆሎው አመሰግናለሁ። ጋቢውም ሸጋ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት በጎንደር ብርድ ዋርድ ለዋርድ ስዞር ኖሬ፣ ልወጣ ስል አለበሳችሁኝ። የሥራ ባልደረባዬ ምናለ ትናንት «ሲስተር ውቢት፣ ንግግርሽን አሳጥሪው፤ ደግሞ አደራ፣ ሰው እንዳታስቀይሚ» ብሎኛል። ማሳጠሩን እሞክራለሁ።

አንድ ነገር ልጠይቅ። ይህን ሆስፒታል የሚያሠራው ማነው? ሐኪሙ? ነርሷ? ደሙን ላብራቶሪ የሚያደርሰው ማነው? የኦክስጅን ሲሊንደሩን ኮሪደሩን ሙሉ የሚገፋው፣ ሽንት የሚደፋው፣ በሽተኛ የሚያገላብጠው ማነው? ለአርባ አንድ ሰው ሁለት ነርስ ሆነን ስንራወጥ «ግሉኮሱ አለቀ» ብሎ የሚጠራንስ? አስታማሚ ነው። እኛም ምሳችንን ቆመን እንበላለን፤ አልክድም። ግን እኛ ማታ ቤታችን እንገባለን። አስታማሚ ፈረቃ የለው፣ መኝታው አልጋ ሥር ነው። እኛ ለዚህ ሰው ያለን ቃል አንድ ብቻ ነው፦ «ውጣ!»

ባለፈው ጥቅምት ከጭልጋ አንድ አዛውንት መጡ፤ አያ መለሰ። ግማሽ ጎናቸው አይታዘዝም፣ አንደበታቸው ተይዟል። ይዛቸው የመጣችው ልጃቸው እናኑ ናት። ሃያ ሦስት ቀን አልጋቸው ሥር ተኛች። ሳል ሊመጣባቸው ሲል ቀድማ ታውቃለች፤ ብድግ ብላ ቀና ታደርጋቸዋለች። እኔ ይህን ለመማር ሦስት ዓመት ትምህርት ቤት ተቀምጫለሁ፤ እሷ በሁለት ቀን በለጠችኝ።

በሃያ አራተኛው ቀን የንጽሕና ውድድር ገምጋሚዎች ሊመጡብን ሆነ። ትእዛዝ ወረደ፦ «ዋርዱ ከአስታማሚ የጸዳ ይሁን።» ልብ በሉ፣ ከትኋን አይደለም! ትኋኑ ቋሚ ነዋሪ ስለሆነ ቀረ።

እናኑን ያስወጣኋት እኔ ነኝ።

«ምነው እታለም? አባቴን ሳል ያፍነዋል እኮ» አለችኝ።

«ለአንድ ሰዓት ነው። እኔ አያቸዋለሁ።»

«ይሁን፣ እርስዎ ካሉ» ብላ ነጠላዋን ከአልጋው ሥር ሰብስባ ወጣች።

አየኋቸው? የት አይቼ! በር ላይ ተሰልፌ ጥርሴን ለገምጋሚ እያሳየሁ ነበር። አንዱ ሰዓት ሦስት ሆነ። እንግዶቹ ዘግይተው ደረሱ፤ ከዚያ ደግሞ አበባችንን ሲያደንቁ ቆዩ። እናኑ ውጭ በር ላይ ሆና ሦስት ጊዜ «አስገባኝ» ብላ ጥበቃውን ለምናለች። ተመልሰን ስንገባ አያ መለሰ ወለሉ ላይ ነበሩ። ያን ወለል በዚያ ጠዋት ስንቴ አጥበነው እንደነበር ታስታውሳላችሁ። በማግስቱ ዐረፉ።

ውድድሩን አሸነፍን። ምስክር ወረቀቱ ይኸው፣ ከጀርባዬ በመስታወት ተሰቅሏል። ሌላም ወረቀት ጻፍን፤ «ታካሚው የወደቁት አስታማሚዋ ያለ ፈቃድ ጥላቸው በመሄዷ ነው» የሚል። ከሥሩ ፊርማ አለ። የማን? ክቡር ዳይሬክተር፣ ጫማዎን አይመልከቱ፤ የእኔ ነው። ያረቀቁት እርስዎ ቢሆኑም እጄን ይዞ ያስፈረመኝ የለም። ጡረታዬ ተቃርቦ ነበር፤ ፈራሁ።

ወረቀቱ ጭልጋ ገባ። ታላቅ ወንድሟ ቻላቸው ለቅሶ ቤት ውስጥ ተነብቦ ሰማ። ሃያ ሦስት ቀን ሲሚንቶ ላይ የተኛችው ልጅ «አባቷን ጥላ ገበያ የዞረች» ተባለች። በአባቷ የአርባ ቀን ተዝካር ድንኳን ውስጥ አላስገቧትም።

ባለፈው ሳምንት ቤቴ መጣች። ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅሁ፤ ስድብ አማረኝ እንኳ።

«እታለም፣ የሆነው ሆነ። ለወንድሜ ብቻ ይንገሩልኝ» አለች።

ብቻ! ክስ አይደለም፣ ካሳ አይደለም። እዚህ ቤት ግን ይህችን «ብቻ» ለማግኘት አንድ ሰው ጡረታ መውጣት አለበት።

ዛሬ እሷም ወንድሟም ከኋላ ተቀምጠዋል። ጥበቃው ዛሬም እናኑን አስቁሟት ነበር፤ ልማዳችንን አንረሳም። ክቡር ዳይሬክተር፣ ሰዓት እያሳዩኝ እንደሆነ አይቻለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሰጥቻለሁ፤ ሁለት ደቂቃ ይስጡኝ።

እንግዲህ ልመርቃችሁ። ስትታመሙ ቀና የሚያደርግ እጅ አይጥፋባችሁ፤ ያንንም እጅ በር ላይ የሚያግደው አይግጠመው። ነርሶች፣ ጉልበታችሁ ሳይዝል አርጁ። አሁን ዋርድ ውስጥ የተኙት በእግራቸው ይውጡ፤ አልጋቸው ሥር ያሉትም አልጋ ላይ ይተኙ። ክቡር ዳይሬክተር፣ ለእርስዎም ሙሉ ጤና እመኛለሁ፤ ካልሆነ ደግሞ እንደ እናኑ ያለች ልጅ ይስጥዎ።

በመጨረሻ፣ ፈርሜ ያመጣሁትን ላንብብ፤ ግልባጩ ለአቶ ቻላቸው መለሰ፣ ማኅተሙን መሥሪያ ቤቱ ይጨምርበት።

እርማት፦ በኅዳር ወር በወጣው ሪፖርት «አስታማሚዋ ያለ ፈቃድ ጥላቸው በመሄዷ» የተባለው ሐሰት ስለሆነ፣ «ሲስተር ውቢት አስታማሚዋን አስወጥታ፣ አያቸዋለሁ ብላ ባለማየቷ» ተብሎ ይነበብ።