የሁለት ጎረቤት በርሜል

(ዝዋይ፣ ከሰዓት በኋላ፤ ባሏ የሞተባት ዘነበወርቅና ሚስቱ የሞተችበት ማንደፍሮ፣ ማሳ ለማሳ የሚዋሰኑ ወይን አብቃዮች፣ በማንደፍሮ የወይን ማቆያ ቤት አንድ በርሜል መሃላቸው አድርገው ይጨቃጨቃሉ።)

ዘነበወርቅ፦ ድርሻዬን ቅዳልኝ አልኩህ እኮ! ቅዳሜ ጠቅልዬ ሐዋሳ ልጄ ጋ ልገባ ነው።

ማንደፍሮ፦ የተቀላቀለ ወይን እንዴት አድርጌ ልለየው? ካቤርኔው ዘር የኔ፣ ሜርሎው ዘር ያንቺ። የዛሬ ስምንት ዓመት በረዶ ማሳችንን ሲመታው፣ ለየብቻ በርሜል አልሞላ ቢለን አንድ ላይ ጨመርነው። ዛሬ የቱ የማን እንደሆነ ማን ያውቃል?

ዘነበወርቅ፦ ግማሹን ቅዳ አልኩ እንጂ ዘሩን ቁጠር አላልኩህም።

ማንደፍሮ፦ ገና አልደረሰም።

ዘነበወርቅ፦ አምናም አልደረሰም፣ ካቻምናም አልደረሰም!

ማንደፍሮ፦ የቆየ ከሚስቱ ይወልዳል።

ዘነበወርቅ፦ እሱ ሚስት ላለው ነው! በል ውታፉን ንቀልና አቅምሰኝ።

ማንደፍሮ፦ እንኪ። ቀስ ብለሽ።

ዘነበወርቅ፦ ውይ! ያ ምላስ የሚያኮማትረው ካቤርኔህ የት ገባ?

ማንደፍሮ፦ ያንቺው ሜርሎ አለዘበው። ብቻውን ቢሆን እንደ ባለቤቱ ጎምዝዞ ይቀር ነበር።

ዘነበወርቅ፦ የኔም ብቻውን ውሃ ውሃ ይል ነበር፣ አልዋሽም። አሁን መጀመሪያ ፕሪም ፕሪም ይላል፣ ኋላ ደግሞ እንጨት እንጨት… ቆይ እስቲ! ይሄ በርሜል እንዴት አፉ ድረስ ሞላ?

ማንደፍሮ፦ በርሜል መሙላት ነውር ነው?

ዘነበወርቅ፦ እኔን ነው የምታሞኘው? እንጨቱ ራሱ ይጠጣል። በስምንት ዓመት ስንት መጉደል ነበረበት!

ማንደፍሮ፦ ከጎደለ አየር ገብቶ ያኮመጥጠዋል። በየወሩ ከራሴ እየጨመርኩ ነው።

ዘነበወርቅ፦ ከየትኛው? ከተራው?

ማንደፍሮ፦ ከምርጡ።

ዘነበወርቅ፦ ለምን አልነገርከኝም?

ማንደፍሮ፦ ደርሷል ብልሽ ድርሻሽን ትወስጃለሽ። ከወሰድሽ ደግሞ በምን ሰበብ ትመጫለሽ? ይኸው ተናገርኩት። እንዳትሄጂብኝ ፈርቼ ነው።

ዘነበወርቅ፦ ስምንት ዓመት ሙሉ! አፍ የለህም?

ማንደፍሮ፦ ዝም አይነቅዝም ብዬ።

ዘነበወርቅ፦ ዝምታው አይነቅዝም፣ እኛ ግን አረጀን!

ማንደፍሮ፦ ታዲያ… ግማሹን ልቅዳልሽ?

ዘነበወርቅ፦ ውታፉን መልሰው። እሑድ ወንድሜ ቤት ሽማግሌ ላክ። እሱ ለወጉ «ተማክረን እናሳውቃችሁ» ብሎ ሁለቴ ይመልሳቸዋል፤ አንተ ግን እንዳትደነግጥ፣ ምክሩን እኔ ዛሬውኑ ጨርሼዋለሁ።